ማወቅ ያለብዎ፦ ከደባርቅ ወርደው ከጎንደር ከመብረርዎ በፊት

ደባርቅም ይኑሩ ዳባት፣ አውሮፕላን የሚሳፈሩት አዘዞ ነው። ከደባርቅ ጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ዳባትንና አምባ ጊዮርጊስን አልፈው፣ ጎንደር ከተማን ከሰሜን ወደ ደቡብ አቋርጠው ነው አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚደርሱት። መንገዱ ረጅም ስለሆነ የተጓዡ ሐሳብ ሁሉ እዚያ መድረሱ ላይ ያልቃል። መኪና ይገኛል ወይ? መንገዱ ሰላም ነው ወይ? ትኬቱስ ስንት ገባ? ከፍተሻው በር ካለፈ በኋላ ያለው ግን የሌላ ሰው ሥራ ይመስለዋል።

አብዛኛው በእርግጥም የሌላ ሰው ሥራ ነው። ሆኖም ተሳፋሪ ሊያግዘው ወይም ሊያበላሸው የሚችለው ነገር አለ፤ እሱንም ለማወቅ አብራሪ መሆን አያስፈልግም። ይህ ጽሑፍ ትኬት ሊቆርጥ ላሰበ ሰው፣ የታመመ አባቱን ወደ አዲስ አበባ ለሚያሳክም፣ ስሜን ተራሮችን ሊጎበኙ የመጡ እንግዶችን ለሚቀበል አስጎብኚ፣ እንዲሁም ትንሽ አውሮፕላን ለመከራየት ለሚያስብ ድርጅት ነው። ላስረዳ የምፈልገውን ከወዲሁ ልናገር፦ ከበረራ በፊት በሚደረግ ፍተሻ ላይ የሚፈጠሩ ግድፈቶች ከአለማወቅ የሚመጡበት ጊዜ ጥቂት ነው። የሚመጡት ከጥድፊያና ከልማድ ነው። ከጥድፊያው ደግሞ ከፊሉን የምናመጣው እኛ ተሳፋሪዎች ነን።

በአውሮፕላኑ ዙሪያ የሚዞረው ሰው ምን ያያል?

ወደ ጎንደር ብዙውን ጊዜ የሚመላለሰው ባለ ሁለት ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 ኪው 400 ነው። ክንፎቹ ከሰውነቱ በላይ ናቸው። ሞተሮቹ ክንፎቹ ላይ ተገጥመዋል፤ እያንዳንዱም ስድስት ምላጭ ያለው ፕሮፔለር አለው። ዋናዎቹ ጎማዎች አውሮፕላኑ ሲነሳ የሚታጠፉት ወደ ሞተሮቹ ቤት ነው። አውሮፕላኑ አርፎ ሰው ካወረደ በኋላ አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሰ ሰው ብቻውን በዙሪያው ሲሄድ ሊያዩ ይችላሉ። ከሁለቱ አብራሪዎች አንዱ ነው። እግሩን የሚያፍታታ ቢመስልም በዚያ ሰዓት ከእሱ የከበደ ሥራ የያዘ ሰው በአካባቢው የለም።

ዙሩ የሚጀምረው ከአፍንጫው አካባቢ ነው። እዚያ ከአውሮፕላኑ ጎን ወደ ፊት ያቀኑ ትንንሽ ቱቦዎች አሉ፤ ፒቶ ይባላሉ። የሚመጣውን የአየር ግፊት እየተቀበሉ ፍጥነትን ይለካሉ። ከነሱ ጋር አብረው የሚሠሩ ደግሞ ስታቲክ የሚባሉ፣ ከአካሉ ጋር እኩል የሆኑ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ፤ የከፍታ መለኪያው የሚናገረው በእነሱ በኩል ነው። አብራሪው ቱቦዎቹ ላይ ሽፋን እንዳልቀረ፣ ቀዳዳዎቹም እንዳልተደፈኑ ያያል። ቀጥሎ የፊት ጎማው፣ ከዚያ የሞተሩ አየር ማስገቢያ፣ ከዚያ የፕሮፔለሩ ምላጮች፦ ጠጠር መትቶ የጎረደው ጠርዝ ካለ በዓይን ይፈለጋል። ዋናው ጎማ ጋ ጎንበስ ይላል። ፍሬኑ ላይ ሸራው እየሳሳ ሲሄድ አብሮ የሚያጥር ትንሽ ዘንግ አለ፤ ከልኩ በታች ካጠረ ፍሬኑ አልቋል ማለት ነው። መሬት ላይ የተንጠባጠበ ዘይት አለ? የዘይቱ ቀለምስ ምንድን ነው? የክንፉ ጫፍ መብራት ተሰብሯል? የነዳጅ መሙያው ተከድኗል? የጭነት ክፍሉ በር ገጥሟል? እንዲህ እያለ ጭራውን ዞሮ ወደተነሳበት ይመለሳል።

ይህ የዓይን ፍተሻ ከሦስት ፍተሻዎች አንዱ ብቻ ነው። ሌላው የቴክኒሻኖቹ ነው፤ የተበላሸውም የተጠገነውም በአውሮፕላኑ መዝገብ ላይ ተጽፎ በፊርማ ይተላለፋል። ሦስተኛው በአብራሪዎቹ ክፍል ውስጥ ሁለቱ እየተቀባበሉ የሚያነቡት ቼክሊስት ነው። አንዱ ይጠራል፣ ሌላው በእጁ ነክቶ በዓይኑ አይቶ ይመልሳል። በቃል የሚያውቁትን ነገር ከወረቀት ማንበባቸው ለሚያይ ሰው ትርፍ ድካም ሊመስል ይችላል። የበረራ ደኅንነት የቆመው ግን በዚያ ላይ ነው።

ቼክሊስት የተወለደው ከአደጋ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 30 ቀን 1935 በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ራይት ፊልድ ላይ ቦይንግ ለጦር ሠራዊቱ ሊሸጠው ያቀረበው ባለ አራት ሞተር አዲስ አውሮፕላን በሙከራ በረራ ተነስቶ ወዲያው ወደቀ። ሜጀር ፕሎየር ሂል እና የቦይንጉ የሙከራ አብራሪ ሌስሊ ታወር ሕይወታቸው አለፈ። አውሮፕላኑ ቆሞ ሳለ ነፋስ መሪዎቹን እንዳያንገላታቸው የሚቆልፍ መሣሪያ ነበረው፤ እሱ ሳይፈታ ነበር የተነሱት። ሁለቱም የተመሰከረላቸው አብራሪዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ የተወሰደው እርምጃ አብራሪዎችን እንደገና ማሠልጠን አልነበረም። የሚሠራውን በቅደም ተከተል በወረቀት ጽፎ እጃቸው ላይ መስጠት ነበር።

ለሺህ ጊዜ ያየው ሰው እንዴት ያመልጠዋል?

እ.ኤ.አ. በ1996 በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ቦይንግ 757 አውሮፕላኖች በእነዚያ ትንንሽ ቱቦዎችና ቀዳዳዎች ምክንያት ጠፉ። የመጀመሪያው ፌብሩዋሪ 6 ቀን ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የተነሳው የበርገንኤር አውሮፕላን ነው። ሳይበር ለሳምንታት ቆሞ ነበር፤ የፒቶ ቱቦዎቹም አልተሸፈኑም። መርማሪዎቹ የጠረጠሩት ጭቃ እያቦካ ጎጆ የሚሠራ ተርብ ከቱቦዎቹ በአንዱ ውስጥ መኖሪያ አበጅቶ ነበር የሚል ነው። የካፒቴኑ ፍጥነት መለኪያ ገና በመንደርደር ላይ ሳሉ በትክክል አልሠራም፤ እነሱ ግን በረራውን ቀጠሉ። 189 ሰዎች ሞቱ።

ሁለተኛው ኦክቶበር 2 ቀን የሆነው የኤሮፔሩ አደጋ ነው፤ ስለ ፍተሻ በተነሳ ቁጥር ትዝ የሚለኝ እሱ ነው። ሊማ ላይ አውሮፕላኑ ሲታጠብና ሲወለወል ሠራተኛው ውሃ እንዳይገባባቸው ብሎ የስታቲክ ቀዳዳዎቹን በሚጣበቅ ፕላስተር ሸፈናቸው። ያደረገው ለጥንቃቄ ነበር። ሥራው ሲያልቅ ግን አልላጠውም። ፕላስተሩ ብርማ፣ የአውሮፕላኑ ሆድም የተወለወለ ብርማ፤ ጊዜው ደግሞ ሌሊት። ተቆጣጣሪው አላየውም፣ ዞሮ የተመለከተው አብራሪም አላየውም። ከተነሱ በኋላ መለኪያዎቹ እርስ በርስ የሚጋጭ ነገር ይናገሩ ጀመር። ከፍታም ፍጥነትም የማያውቁ አብራሪዎች በጨለማ ውቅያኖስ ላይ ለግማሽ ሰዓት ያህል ሲታገሉ ቆይተው ክንፉ ውሃውን ነካ። 70 ሰዎች ናቸው የሞቱት። ወደ አደጋው የወሰደው ሰንሰለት ላይ ክፉ ሰው አይገኝም። ሥራውን ጀምሮ ያልጨረሰ አንድ ሰው፣ ከዚያም «ይኖራል» ብሎ ያልጠበቀውን ነገር ያላየ ሌላ ሰው ናቸው ያሉት።

ይህ ያለፈ ዘመን ታሪክ እንዳይመስልዎ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2018 ከብሪስበን አውስትራሊያ የተነሳ የማሌዥያ አየር መንገድ ኤርባስ ከ200 በላይ ሰዎችን ጭኖ ሦስቱም ፒቶ ቱቦዎች እንደተሸፈኑ አየር ላይ ወጣ። ሽፋኖቹ የተደረጉት ተርብ እንዳይገባ ነበር። ቀይ ሪባን ነበራቸው። ቴክኒሻኑም፣ አብራሪውም፣ አውሮፕላኑን የሸኙት የመሬት ሠራተኞችም በየተራቸው አልፈዋቸዋል። ያለ ፍጥነት መለኪያ ተመልሰው በሰላም ማረፋቸው የአብራሪዎቹን ችሎታና የዕለቱን መልካም ዕድል የሚያሳይ ነው።

በሄሊዮስ አየር መንገድ አውሮፕላን ላይ የተፈጠረው ደግሞ በሌላ በኩል የገባ ግድፈት ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 2005 ከቆጵሮስ ለአቴንስ ከመነሳቱ በፊት በሌሊት ጥገና ላይ የአየር ግፊት መቆጣጠሪያው መቀየሪያ ለሙከራ ወደ እጅ አሠራር ተዞረ፤ ሳይመለስም ቀረ። ከበረራ በፊት፣ ሞተር ከተነሳ በኋላ፣ ከመሬት ከለቀቁ በኋላ፤ ሦስት ጊዜ የማየት ዕድል ነበር። ሦስቱም አለፉ። አውሮፕላኑ ከፍ ሲል አየሩ ሳሳ፣ ሰው ሁሉ ለማለት ይቻላል ራሱን ሳተ፤ 121 ሰዎች ሞቱ።

ልማድን በተመለከተ ከማውቃቸው ሁሉ የሚያስደነግጠኝ የቤድፎርዱ ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን 2014 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ አንድ የግል ጄት ሰባት ሰዎችን ይዞ መንደርደሪያውን ጨርሶ ወጥቶ ጋየ፤ የተረፈ የለም። ምክንያቱ ከ79 ዓመት በፊት የሆነው ያው ነገር ነው፦ የመሪው መቆለፊያ አልተፈታም። ሁለቱ አብራሪዎች ለዓመታት አብረው በርረዋል። ከመነሳት በፊት መሪውን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ላይና ታች ማንቀሳቀስ ጥቂት ሰከንድ የሚፈጅ ግዴታ ነው። መርማሪዎቹ የአውሮፕላኑን መቅረጫ ሲመረምሩ ከዚያ በፊት ከነበሩት 175 መነሻዎች በ98 በመቶው ይህን ፍተሻ ሙሉ በሙሉ እንዳላደረጉት ተገኘ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ነገር አልደረሰባቸውም። ምንም ያለመድረሱ ነው ያዘናጋቸው።

ከደባርቅ ወደ ቡይት ራስ ጭነት የሚያወጣ ባለ በቅሎ ትናንት ያጠበቀውን ጠፍር ዛሬ እንደገና በእጁ ስቦ ሳይሞክር አይነሳም፤ ገደል አፋፍ ላይ የተንሸራተተ ጭነት ምን እንደሚያደርግ ያውቃልና። ጥሩ አብራሪም የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ ትናንት ደህና መሆኑ ለዛሬ ማስረጃ አይሆነውም።

ከፍታው፣ ወፉ፣ እንዲሁም ዙሩ የማይደርስበት

እኛ የምንበርበት አገር ከፍ ያለ ነው። የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ፣ ቦሌ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ ይብሱን ይሳሳል። አየሩ ሲሳሳ ክንፉ የሚሸከመው፣ ሞተሩ የሚሰጠው ጉልበት ይቀንሳል፤ ለመነሳትም ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል። ስለዚህ ስንት ኪሎ ተጫነ የሚለው ጥያቄ ጎንደር ላይ ከወደብ ከተማ ይልቅ ይከብዳል። «ሻንጣው ቦታ እያለ ለምን ቀረ?» ብለው ከመቆጣትዎ በፊት ይህን ያስቡ። ቦታ መኖሩ አንድ ነገር ነው፣ ክብደቱ ሌላ።

የአካባቢያችን ትልቁ ትምህርት ከባሕር ዳር የመጣው ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነስቶ ባሕር ዳር ያረፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ወደ አስመራ ሊቀጥል ሲነሳ የርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ገባ። አብራሪዎቹ ለመመለስ ሲዞሩ ሞተሮቹ ከዱአቸው፤ ጎማ ሳያወርዱ ሜዳ ላይ አሳረፉት፤ እሳትም ተነሳ። ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። አውሮፕላኑ አዲስ የሚባል ነበር። ማንም አብራሪ በዙሪያው ሲዞር መንገድ ላይ የሚጠብቀውን ርግብ ሊያይ አይችልም። ወፍ የሚታየው በመንደርደሪያ ፍተሻና በመቆጣጠሪያ ማማው በኩል ነው፤ የሚጠራው ግን የተጣለ ጥንብ፣ የቄራ ትርፍራፊ፣ ሜዳ ላይ የተበተነ እህልና ቆሻሻ ነው። አዘዞ አካባቢ የሚኖር ዘመድ ካለዎ፣ የሞተ ከብት ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ እንዳይጣል መንገር ከፍተሻው እንደ አንዱ ይቆጠራል።

ዙሩ የማይደርስበት ሌላም ነገር አለ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ተነስቶ በስድስት ደቂቃ ውስጥ በቢሾፍቱ አቅጣጫ የወደቀውን በረራ 302 ሁላችንም እናስታውሳለን፤ 157 ሰዎች አጥተንበታል። እዚያ የተበላሸው የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከሚመጣው አየር አንጻር ያለውን አቅጣጫ ከሚለኩት መሣሪያዎች የአንዱ መረጃ ነበር፤ ያንን አንድ መሣሪያ ብቻ አምኖ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች የሚደፋ ሥርዓት ግን ቦይንግ ራሱ የሠራው ነው። አምስት ወር በማይሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ በኢንዶኔዢያ 189 ሰዎች የሞቱትም በዚያው ሥርዓት ነበር። ስለዚህ አደጋ በተሰማ ቁጥር «አብራሪው ሳያይ ነው» ብሎ መፍረድ ኃጢአት ነው። ፍተሻ ሊያገኝ የሚችለውን ያገኛል፤ ንድፉ ላይ ያለ ስሕተት ግን በሰደርያና በባትሪ አይገኝም።

ትንሽ አውሮፕላን ለመከራየት ካሰቡ

እስካሁን ያልኩት ስለ መደበኛ በረራ ነው። ለእንግዶች፣ ለፊልም ቀረጻ ወይም ለሕመምተኛ ትንሽ አውሮፕላን ወይም ሄሊኮፕተር ለመከራየት የሚወስን ሰው ኃላፊነቱ ይጨምራል፤ ምክንያቱም እዚህ ድርጅቱን የሚመርጠውም፣ ሰዓቱን የሚቆርጠውም፣ ስንት ሰው ስንት ጭነት እንደሚሄድ የሚናገረውም እሱ ነው።

መጀመሪያ ድርጅቱ ከኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ለኪራይ በረራ የተሰጠ ፈቃድ እንዳለው ይጠይቁ፤ ፈቃዱንም ይዩት። ፈቃድ ያለው ሰው ሲጠየቅ አይቀየምም። ቀጥሎ ስለ ክብደት ምን እንደሚጠይቅዎ ይመልከቱ። «ስንት ሰው ናችሁ?» ብሎ የሚያቆም ሰው አያረካኝም። ስንት ኪሎ እንደሆኑ፣ ድንኳኑና የመኝታ ቦርሳው ስንት እንደሚመዝን ጠይቆ፣ አዘዞም ላይ ሚዛን አውጥቶ የሚመዝን ሰው ሥራውን ያውቃል። ለስሜን ተራሮች የሚሸከሙት ጓዝ ቀላል አይደለም፤ በግምት «ሃያ ሃያ ኪሎ ነው» ተብሎ ከተጻፈ ሚዛኑ ከሚያወጣው ጋር ላይገጥም ይችላል። እውነተኛውን ይናገሩ።

ከዚያ አብራሪው አውሮፕላኑን ሲያዘጋጅ ራቅ ብለው ይመልከቱ። ከምወዳቸው የፍተሻ ሥራዎች አንዱ የነዳጁ ነው። አብራሪው ጠርሙስ የመሰለ ጠራ ያለ ኩባያ ይዞ ከክንፉ ሥር ባለችው ማንጠፍጠፊያ ከታንኩ ግርጌ ጥቂት ነዳጅ ይቀዳል። ከፍ አድርጎ በፀሐይ ያየዋል። ውሃ ከነዳጅ ስለሚከብድ ካለ ከሥር እንደ ዶቃ ተንከባሎ ይታያል፤ ዝገትና አሸዋም እንዲሁ። ውሃ ያየ እንደሆነ ንጹሕ ነዳጅ እስኪመጣ ደጋግሞ ይቀዳል። በየታንኩ ያደርገዋል። ሁለት ደቂቃም አይፈጅ፤ ያልተደረገ እንደሆነ ግን ውሃው ሞተር የሚያጠፋው ከተነሱ በኋላ ነው። ክንፉ ከላይ በሆነ ትንሽ አውሮፕላን ላይ አብራሪው መሰላል ወይም መረገጫ ላይ ወጥቶ የነዳጅ ክዳኑን በእጁ ሲሞክር ማየትም ደስ ይላል፤ ከመሬት ሆኖ አይታይምና። የነዳጅ መጠን ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 ኪሎ ግራምና ፓውንድ ተቀላቅሎባቸው በግማሽ ነዳጅ ተነስቶ አየር ላይ ሁለቱም ሞተሮች ጠፍተውበታል፤ ጊምሊ በተባለ አሮጌ ማረፊያ ላይ ማንም ሳይሞት መውረዱ እስከ ዛሬ ይገርማል።

አውሮፕላኑ ሳይበር የቆየ ከሆነ ስንት ቀን እንደቆመና ቱቦዎቹ ተሸፍነው እንደነበር ይጠይቁ። በኮቪድ ጊዜ በዓለም ዙሪያ በሺህ የሚቆጠሩ አውሮፕላኖች ቆመው ሲመለሱ የደኅንነት ተቋማት አጥብቀው ካስጠነቀቁት አንዱ በፒቶ ቱቦ ውስጥ የገባ ነፍሳት ነበር። ጭቃ ሠሪ ተርብ በእኛም አገር በየጣሪያው ሥር አለ።

ሄሊኮፕተር ከሆነ አንዲት ጥያቄ ብቻ ልጨምር። ጎንደር ላይ አምስት ሰው የሚያነሳ ሄሊኮፕተር ከ4,400 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የቧሂት ተራራ አጠገብ አምስት ሰው ላያነሳ ይችላል። ስንት ሰው ይይዛል ብለው ሳይሆን በዚያ ከፍታ፣ በዚያ ሰዓት ሙቀት ስንት ሰው ያነሳል ብለው ይጠይቁ።

ሻንጣዎ ውስጥ ምን አለ?

ይህን ክፍል በተለይ አስጎብኚዎችና የምግብ ሠራተኞች ያንብቡት። ቱሪስት ተራራ ላይ ሲያበስልበት የነበረውን የጋዝ ቆርቆሮ «ትንሽ ይቀረዋል» ብሎ ለአስጎብኚው ይሰጣል፤ አስጎብኚው ለወንድሙ ሊወስድ ሻንጣው ውስጥ ይከታል። አውሮፕላን ላይ ግን ያ ቆርቆሮ በእጅም በጭነትም ክልክል ነው። ነዳጅ የነበረበት የማብሰያ ምድጃ፣ ላምባ፣ ቤንዚንም እንደዚሁ። ክብሪት ሻንጣ ውስጥ አይገባም። ከሰል ራሱን በራሱ ሊያቀጣጥል የሚችል ነገር ስለሆነ እንደ ተራ ዕቃ አይቁጠሩት፤ ቤት ይተዉት። ፓወር ባንክ ከእጅ ሻንጣ እንጂ ከጭነት አይገባም፤ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያዘው እስከ 100 ዋት ሰዓት፣ በተለመደው አነጋገር እስከ 27,000 ሚሊ አምፒር ገደማ ያለው ነው። ለዘመድ የሚላክ የቤት አረቄ በጀሪካን አይሄድም፤ በፋብሪካ የታሸገና አልኮሉ ከ70 በመቶ ያልበለጠ ነው የሚፈቀደው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አብራሪው በዙሪያው ሲዞር የጭነቱን በር መዘጋት ያያል፤ የእርስዎን ሻንጣ ግን አይከፍትም። እ.ኤ.አ. በ1996 በፍሎሪዳ የቫሉጄት አውሮፕላን ጭነት ክፍል ውስጥ በስሕተት ባዶ ተብለው የተጫኑ የኦክስጅን ማመንጫዎች ተቀጣጥለው 110 ሰዎች ሞተዋል። ሰው አድርስልኝ ያለዎትን ካርቶን ሳይከፍቱ አይቀበሉ።

ሰዓትዎና አንደበትዎ

ከሁሉ በፊት ሊወስኑት የሚገባው፣ ከትኬቱም በፊት፣ የሚዘገይ ወይም የሚሰረዝ በረራ ሊሸከም የሚችል ዕቅድ አለዎ ወይ የሚለው ነው። የሆስፒታል ቀጠሮው ለነገ ጠዋት ከሆነ፣ በረራውም ለዛሬ ማታ ከሆነ፣ አውሮፕላኑ ዘግይቶ ቢመጣ እርስዎ ጠረጴዛ ከሚመቱት ሰዎች አንዱ ይሆናሉ። በክረምት ጎንደርን ደመና ሲጫናት በረራ ይዘገያል። ከአውሮፕላኑ ውጪ በሆነ ምክንያትም ይቆማል፤ በ2015 ዓ.ም. መገባደጃ በክልሉ ግጭት ሲቀሰቀስ ወደ ጎንደር የሚደረገው በረራ ለቀናት ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ ከቀጠሮው ቢያንስ አንድ ቀን አስቀድመው ይድረሱ። በረራው የማለዳ ከሆነ ጎንደር ይደሩ፤ በሌሊት ከደባርቅ እየበረረ የሚመጣ ሚኒባስ ከአውሮፕላኑ ይልቅ አስጊ ነው፤ ለእሱም ጎማውንና ፍሬኑን ማየት፣ ሹፌሩም ተኝቶ ማደሩን መጠየቅ አያሳፍርም። በረራው መኖሩን ለማጣራት ስልክ የሚደውሉት ደባርቅ ሳሉ እንጂ አምባ ጊዮርጊስ ከደረሱ በኋላ አይሁን።

«ለቴክኒክ ምርመራ ይዘገያል» ሲባል አዳራሹ ውስጥ የሚነሳው ጉርምርምታ ያስከፋኛል። ያን ጊዜ አንድ ቴክኒሻን አንድ ነገር አይቶ «አልፈርምም» ብሏል ማለት ነው። እንዲያ የሚል ሰው መኖሩ ነው የበረራው ዋስትና፤ የሚሰማው ጩኸት በበዛ ቁጥር በሚቀጥለው ጊዜ «አልፈርምም» ማለት ይከብደዋል።

አሁን ወደ ይሉኝታ ልምጣ። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 1989 በካናዳ ድራይደን በምትባል ትንሽ ከተማ የኤር ኦንታሪዮ አውሮፕላን በረዶ እየዘነበ ሊነሳ ቆሞ ነበር። ረዳት ሞተሩ ስለተበላሸና በማረፊያው ሞተር የሚያስነሳ መሣሪያ ስላልነበረ ዋናውን ሞተር ማጥፋት አልቻሉም፤ ሞተር እየሠራ ደግሞ ክንፍ ላይ ያለውን በረዶ በፈሳሽ ማጠብ ክልክል ነበር። በረራው ዘግይቷል፤ ሰው ቀጣይ በረራ ሊያመልጠው ነው። ተሳፋሪዎቹ በመስኮት ክንፉ ላይ የተጋገረውን በረዶ ያዩታል። ከመካከላቸው በዕለቱ ሥራ ላይ ያልነበሩ ሁለት አብራሪዎችም ነበሩ። አዩት፤ አደጋውንም ያውቁታል። ግን ካፒቴኑ ሳያውቅ አይቀርም፣ በሰው ሥራ መግባት ነውር ነው ብለው ዝም አሉ። አስተናጋጇም ዝም አለች። አውሮፕላኑ ተነስቶ ጫካው ላይ ወደቀ፤ ከ69 ሰዎች 24ቱ ሞቱ።

ጎንደር ላይ እንዲህ ያለ በረዶ ብርቅ ነው፤ ዝምታው ግን ብርቅ አይደለም። እኛ አገር ታላቅን፣ ባለሙያን፣ ባለ ዩኒፎርምን መጠየቅ ድፍረት ይመስለናል። እርስዎ የሚያዩት ነገር አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሆንም፤ ከአውሮፕላኑ ሥር የሚንጠባጠብ ውሃ የማቀዝቀዣው ሊሆን ይችላል፣ የሚንቀጠቀጠው ክዳንም እንዲንቀጠቀጥ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ያን የሚለየው አብራሪው ነው፤ ለመለየት ግን መስማት አለበት። ቀይ ሪባን የተንጠለጠለበት ነገር ሞተሩ ሲነሳ ካዩ፣ ከሞተሩ ሥር የሚፈስ ዘይት ወይም የነዳጅ ሽታ ካለ፣ የጭነት በር ክፍት ሆኖ ጎማው መንቀሳቀስ ከጀመረ፣ ወይም ወፍ ሲመታ ከሰሙ፣ የመጥሪያውን ቁልፍ ተጭነው አስተናጋጇን ይጥሯት። አይጩኹ፣ ከመቀመጫዎ አይነሱ። የመቀመጫ ቁጥርዎን፣ የትኛው ጎን እንደሆነና ምን እንዳዩ ይናገሩ፤ ከዚያ «እባክሽ እህቴ፣ ይህን ካፒቴኑ ያውቃል ወይ? ንገሪልኝ» ይበሉ። «ምንም አይደለም» ካለችዎ ለካፒቴኑ ነግራ መልሱን እንድታመጣልዎ በትሕትና ይጠይቁ። አስተናጋጆች እንዲህ ያለውን ነገር ለአብራሪዎቹ ማድረስ የሥልጠናቸው አካል ነው።

ከአረፉ በኋላም ነገሩ ካልተዋጠልዎ የበረራ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተቀመጡበትን ወንበርና ያዩትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ጽፈው ለአየር መንገዱ ያስገቡ፤ ግልባጩን ለሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ይላኩ። ፎቶ ካነሱ አብረው ያያይዙ። በማኅበራዊ ሚዲያ ከመለጠፍዎ በፊት ወረቀቱ መርማሪ ጋ ይድረስ።